ከተጠራቀመ ድምር የየወሩን የወተት ሽያጭ ስለ ማውጣት

አንዳንድ የወተት አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሽያጫቸውን የሚመዘግቡት በተጠራቀመ ድምር ነው። ይኸውም በየወሩ መጨረሻ የሚጻፈው ቁጥር ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ፣ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የተሸጠውን ሁሉ ያጠቃልላል። ይህ ድምር የዓመቱ ዕቅድ ምን ያህል እንደ ተፈጸመ ለማወቅ ይጠቅማል። ሆኖም ጥቂትም ቢሆን ወተት እስከ ተሸጠ ድረስ ምን ጊዜም ስለሚያድግ፣ ገበያው የወደቀበትን ወር ይሸፍናል። ስለዚህ የየወሩን ሽያጭ ለይቶ የማውጣትን ዘዴ ከዚህ በታች እናብራራለን።

ዘዴው

ከወሩ መጨረሻ ድምር ላይ ያለፈውን ወር መጨረሻ ድምር መቀነስ ነው። ሐምሌ የመጀመሪያው ወር ስለሆነ ከእርሱ ምንም አይቀነስም።

ለምሳሌ የአንድ ማኅበር ድምር በሊትር እንደሚከተለው ነው እንበል፦

እስከ ጥር መጨረሻ 40,400
እስከ የካቲት መጨረሻ 45,500
እስከ መጋቢት መጨረሻ 47,700
እስከ ሚያዝያ መጨረሻ 52,200

ድምሩ ሲታይ ሥራው ወደ ፊት የሄደ ይመስላል። ሲቀነስ ግን የየካቲት ሽያጭ 5,100፣ የመጋቢት 2,200፣ የሚያዝያ 4,500 ሊትር ሆኖ ይገኛል። መጋቢት አብዛኛው የዐቢይ ጾም ስለሆነ የወተት ፈላጊ ይቀንሳል። ማኅበሩ ይህን አስቀድሞ ካወቀ፣ ትርፉን ወተት ሳይበላሽ ንጦ ቅቤውን ለፋሲካ ገበያ ያቆያል። ካላወቀ ግን ኪሳራው በአባላቱ ላይ ይወድቃል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነጥቦች

1ኛ/ ጳጉሜን፦ ሽያጩ ከነሐሴ ጋር ከተደመረ ቀኖቹ 35 ወይም 36 ይሆናሉ። የሐምሌ ሽያጭ 6,000፣ የነሐሴና የጳጉሜን 7,000 ሊትር ቢሆን ዕድገት አለ ማለት አይደለም። 6,000 ለ30፣ 7,000 ለ35 ቀን ሲካፈል ሁለቱም በቀን 200 ሊትር ነው።

2ኛ/ ያልተመዘገበ ወር፦ የአንድ ወር ድምር ከጎደለ፣ በቀጣዩ ወር የሚገኘው ልዩነት የሁለት ወር ሽያጭ ነው። ለሁለት ከፍሎ እንደ እውነተኛ ቁጥር መጻፍ አይገባም። የሁለት ወር መሆኑ ይገለጽ።

3ኛ/ የቀነሰ ድምር፦ የዚህ ወር ድምር ካለፈው ካነሰ ስሕተት ተፈጽሟል ወይም የቀድሞ ስሕተት ታርሟል ማለት ነው። ደረሰኞቹን መርምሮ ስሕተቱ የተፈጸመበትን ወር ማረም ያስፈልጋል።

4ኛ/ የዓመት መለወጫ፦ ከአዲሱ ሐምሌ ላይ የሰኔን ድምር መቀነስ ስሕተት ነው።

በመጨረሻም የየወሩ ሽያጭ ሲደመር ከመጨረሻው ድምር ጋር እኩል መሆኑ ይረጋገጥ። የማኅበሩ ጸሐፊ በመዝገቡ ላይ ከድምሩ ጎን «የወሩ ሽያጭ» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨምር፣ ለአባላት ስብሰባ ሁለቱንም አብሮ ለማቅረብ እንደሚችል እንመክራለን።