ፖሊስ ሲያጠፋ ማን ይይዘዋል?

ልጆች ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ወላጅን ዝም ያሰኛሉ። «ሌባን ፖሊስ ይይዘዋል፤ ፖሊስ ቢሰርቅስ ማን ይይዘዋል?» የሚለው አንዱ ነው። ከፍ ከፍ ያሉት ደግሞ በስልካቸው የውጭ አገር ቪዲዮ እያዩ፣ «እኛ ራሳችን ልንይዘው አንችልም?» ይላሉ። እኛ ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ የምንመልሰው «አርፈህ ተቀመጥ፣ መንግሥትን ማን ይነካል!» ብለን ነው። ይህ መልስ ልጁን ዝም ያሰኘው እንደሆነ እንጂ አያስተምረውም። «ሕጉ ይፈቅዳል» ብሎ በግማሽ ዕውቀት መናገር ደግሞ ልጁን ለአደጋ መላክ ነው።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። በሥራ ዘመኔ በድንገተኛ ክፍል «ሌባ ነው» ተብሎ በሕዝብ የተደበደበውንም፣ በያዡ እጅ የተጎዳውንም፣ ሊይዝ ሲታገል የተወጋውንም አክሜያለሁ። ሕጉን ያነበብኩትም ያንን ሁሉ ቁስል እያስታወስኩ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 49 በመርህ ደረጃ ማንም ሰው ያለ ማዘዣ እንዳይያዝ ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 50 ግን አንድ በር ይከፍታል። አንድ ሰው ወንጀል ሲሠራ እጅ ከፍንጅ ከተገኘ፣ ወንጀሉም ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ፖሊስም ሆነ ማንኛውም የግል ሰው ያለ ማዘዣ ሊይዘው ይችላል። እጅ ከፍንጅ የሚባለው ወንጀሉን ሲፈጽም፣ ሊፈጽም ሲሞክር ወይም እንደፈጸመ ወዲያው የተገኘ ሰው ነው። ሕዝብ እያሳደደው የሚሮጥም፣ ኡኡታ ተሰምቶ የተደረሰበትም እንዲሁ ይቆጠራል፤ አንቀጽ 19 እና 20 ይህንን ይዘረዝራሉ።

አንቀጽ 50 «ከፖሊስ በስተቀር» አይልም። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የልጆቻችን ጥያቄ መልሱ «አዎ፣ ይቻላል» የሚል ነው።

ነገር ግን ሕጉ የሚፈቅደው ይዞ ማስረከብን ብቻ ነው። በአንቀጽ 58 መሠረት የያዘው ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ አለበት። መመርመር የለም፤ ኪስ መበርበር የለም፤ በጥፊ ማለት የለም፤ ግቢ ቆልፎ ማሳደርም የለም። ከዚህ ያለፈ ሰው ሌላውን ከሕግ ውጭ በመያዝ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 585 ራሱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። «ባለፈው ሳምንት ገንዘብ ተቀብሎኛል» የሚል ቅሬታም አቤቱታ ለማቅረብ ይበቃል እንጂ ሰው ለመያዝ አይበቃም።

አባቶቻችን የሚያውቁት ነገር

ይህ ሐሳብ ከውጭ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በዱሮ ጊዜ የተበደለ ሰው በዳዩን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲያስቆመው መቆም ግድ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው እርስ በርስ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዱ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። አያቶች ይህንን ለልጆች ብታወሩላቸው ደስ ይለኛል፤ ቁም ነገሩ ያለው መድረሻው ላይ ነውና። የታሰረው ኩታ ሁለቱን ወደ ዳኛ የሚወስድ ነበር፤ በመንገድ ላይ ፍርድ የሚሰጥ አልነበረም።

ፖሊስ ሲሆን ለምን ይከብዳል?

አንደኛ፣ በሥራ ላይ ያለ ፖሊስ የሚያዘው ሰው በጉልበት ሲያስቸግረው ተመጣጣኝ ኃይል እንዲጠቀም ሕግ ይፈቅድለታል። ከዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ማዘዣ ይኑረው አይኑረው፣ ቀድሞ ምን እንደተፈጠረ አያውቅም። ግፍ የመሰለን ነገር ሕጋዊ ሆኖ ከተገኘ የመንግሥትን ሠራተኛ በሥራው ላይ ያደናቀፍነው እኛ እንሆናለን። ይህም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ሁለተኛ፣ ፖሊስ መሣሪያ ይታጠቃል። በግርግር መካከል እጅ ወደ ወገቡ ሲጠጋ መሣሪያውን ሊነጥቀኝ ነው ብሎ ያስባል። ቀጥሎ የሚመጣውን አንድ ወጣት በሕይወቱ ሊከፍለው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሕጉ አስረክቡ የሚለን ለፖሊስ ጣቢያ ነው። የተያዘው ሰው የሚረከበው በባልደረቦቹ እጅ ነው ማለት ነው። እዚያ ሲደረስ የሚፈለገው የያዘው ሰው ጉልበት ሳይሆን የምስክሮቹ ቁጥርና የማስረጃው ጥራት ነው።

ታዲያ መቼ ሊሆን ይችላል? ለምሳሌ ከሥራ ውጭ የሆነ ፖሊስ ጠጥቶ ገብቶ ሚስቱን ሲደበድብ ኡኡታ ተሰማ እንበል። በዚያች ሰዓት ያለው ደብዳቢ ባል ነው። ጎረቤት ተባብሮ ቢያስቆመውና ወደ ጣቢያ ቢያደርሰው ለሌላው ባል የሚሠራው ሕግ ለእሱም ይሠራል። መሣሪያ ይዞ ከሆነ ግን መጀመሪያ እናትየዋንና ልጆቹን ማውጣት፣ ከዚያ ወደ 991 መደወል ይሻላል። በሥራ ላይ ያለን ፖሊስ በእጅ መያዝ ግን፣ ሕጉ በቃሉ ባይከለክልም፣ ለማንም ልጅ አልመክርም።

ከሚኒያፖሊስ የምንማረው

ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች በሚኖሩባት በሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. የሆነውን ዓለም አይቶታል። ፖሊሱ ዴሪክ ሾቪን በጆርጅ ፍሎይድ አንገት ላይ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ በጉልበቱ ተጭኖ ቆየ። የሚኒሶታ ሕግም የግል ሰው ፊት ለፊቱ ወንጀል የሚሠራን እንዲይዝ ይፈቅዳል። ሆኖም አራት ፖሊሶች በቆሙበት ከተሰበሰበው ሰው ማንም እጁን ለመያዝ አልሰነዘረም።

ዝም ብለው ግን አልቆሙም። ከሥራ ውጭ የነበረች የእሳት አደጋ ሠራተኛ «የልብ ትርታውን እዩ» እያለች ለመነች። አንዱ ተመልካች ራሱ ፖሊስ ደውሎ ፖሊሶቹን አመለከተ። የ17 ዓመቷ ዳርኔላ ፍሬዚየር ከዳር ቆማ በስልኳ ቀረጸች። የፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ ነገሩን እንደ ጤና ችግር አድርጎ ነበር ያወጣው። ቪዲዮውና የእነዚያ ሰዎች ምስክርነት ግን ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ሾቪንን ጥፋተኛ አሰኙት፤ በኋላም 22 ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት።

እውነቱን ለመናገር ፍርዱ የሞተውን አልመለሰም። ይህንን ለልጆች ስንነግር መደበቅ የለብንም። ነገር ግን ከዚያ ሕዝብ አንዱ ዘሎ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር ሁለት ሊሆን ይችል ነበር።

እንደ ጤና ባለሙያ የምለው

በፖሊስም ይያዝ በሕዝብ፣ በሆዱ ተደፍቶ ጀርባው ላይ የተጫኑበት ሰው ደረቱ ስለማይነፋ አየር ያጥረዋል። እየታገለ ያለው ለማምለጥ ሳይሆን ለመተንፈስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰው ከተያዘ በኋላ በጎኑ ማስተኛት ወይም ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህንን ከዳር ሆኖ ጮክ ብሎ መናገር ማንንም መንካት አይጠይቅም፤ ሕይወት ግን ያተርፋል። የሚንገዳገድና የማይመልስ ሁሉ ሰካራም አይደለም። ስኳሩ የወረደበት፣ የሚጥል በሽታ ጥሎት የነቃ ወይም ጭንቅላቱን የተመታ ሊሆን ይችላል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ከሩቅ ሆናችሁ እዩ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የመለያ ቁጥሩን ያዙ፤ ቤት ስትገቡ ወዲያው ጻፉት። የሌሎች ምስክሮችንም ስምና ስልክ ተቀበሉ። መቅረጽ አደጋ የሚያመጣ ከመሰላችሁ ስልኩን ተዉት፤ ዓይንም ማስረጃ ነው። የቀረጻችሁትን በማኅበራዊ ሚዲያ ከመበተን ይልቅ አስቀምጡት።

የተጎዳ ሰው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ የአምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። የበለዘ ቆዳ ከቀን ወደ ቀን ቀለሙን ይለውጣል፣ በሁለት ሳምንት ገደማም ሊጠፋ ይችላል። ሐኪሙ ያየውን ሁሉ በካርዱ ላይ እንዲጽፍ ለምኑት። የተደፈረች ካለች ሰውነቷን ሳትታጠብ፣ ልብሷን በወረቀት ከረጢት ይዛ ትምጣ። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያም በቶሎ ሲሆን ይሻላል።

ከዚያ አቤቱታውን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ወንጀል ማመልከት የማንኛውም ሰው መብት ነው። ጣቢያው ካልተቀበለ የበላይ ፖሊስ ኮሚሽን፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ አሉ። የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። ልጃችሁ ከተያዘ ደግሞ የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባዋል። ሳይቀርብ ከቀረ ቤተሰብ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ከሕግ ውጭ ሰው ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ይጠየቃል።

ለልጆች የሚነገረው

ለትንንሾቹ «ፖሊስም ሲያጠፋ ይጠየቃል፤ አንተ ያየኸውን ለእኛ ንገረን» ማለት ይበቃል። ለወጣቶቹ ግን ሙሉውን ንገሯቸው። ሕጉ ፖሊስን ከማንም አይለይም፤ ሆኖም በእጅ ከመያዝ ይልቅ በምስክር መያዝ ያዋጣል። ሲያዙ አይታገሉ፣ ስማቸውን ይናገሩ፣ የተያዙበትን ምክንያት በትሕትና ይጠይቁ፣ ቤተሰብ እንዲነገርለት ይጠይቁ። ሌላ ሰው ሲጎዳ ሲያዩ ደግሞ አይሽሹ፤ ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ብለው ይቁሙና ይመልከቱ። ዛሬ ማታ ራት ላይ አንስታችሁ ተወያዩበት። በችግር ጊዜ የሚደወልበትን የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ልጆቹ በቃላቸው ማወቃቸውንም በዚያው አረጋግጡ።