ክሬም ወይስ ጠቆር ያለ ሰማያዊ? የግድግዳ ቀለም ተረትና እውነታ ከጀዊ

ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የስደተኞች መጠለያው የተከፈተው በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ነው፤ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ቀድሞ የነበሩበት ቦታ በክረምት ጎርፍ ሲጥለቀለቅ ወደዚህ ተዛወሩ። በጭቃ የተመረገ የሣር ክዳን ቱኩል፣ ቆርቆሮ ቤትና የብሎኬት ክፍል በአንድ አካባቢ ይገኛሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ቤቱን ለመቀባት የተነሳ ሰው ሁለት ዓይነት ምክር አያጣም። አንዱ “ክሬም ቀባው፣ ይቀዘቅዝልሃል” ይለዋል። ሌላው “ጠቆር ያለ ሰማያዊ አድርገው፣ ቆሻሻ አያሳይም፣ ዝንብም አይጠጋውም” ይላል። ሁለቱም የሚመክሩት በቅንነት ነው። ነገር ግን ቀለም በስህተት ከተገዛ ገንዘቡ አይመለስም፤ ስለዚህ ተረቱን ከእውነታው እንለይ።

ተረት 1፦ “ክፍሉን ከውስጥ በነጣ ቀለም ከቀባሁት ሙቀቱ ይቀንሳል።”

እውነታው፦ ጠቆር ያለ ቀለም የፀሐይን ሙቀት ይስባል የሚለው እውነት ነው፤ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት ብቻ ነው። የቤት ውስጥ ግድግዳ ደግሞ ፀሐይ አያርፍበትም። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 500 ሜትር ግድም ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ከአናት አይርቅም፤ ከሁሉ በላይ የሚመታው ጣራው ነው። የጋለ ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል። ይህ ሙቀት በዓይን የማይታይ ጨረር ነው፤ ለእርሱ ደግሞ ክሬምም ሰማያዊም ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በቤትዎ መሞከር ይችላሉ። ሁለት ቁራጭ ጣውላ አንዱን ክሬም፣ ሌላውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀብተው ቤት ውስጥ ጥላ ላይ ያስቀምጡ። ቀን 6 ሰዓት ላይ መዳፍዎን ቢያሳርፉባቸው አይለያዩም። ያንኑ ሁለት ጣውላ ደጅ ፀሐይ ላይ አውጥተው ከሩብ ሰዓት በኋላ ይንኩ፤ ሰማያዊው እጅ ያቃጥላል።

እንግዲህ ለቅዝቃዜ ያሰቡት ገንዘብ ካለ ጣራው ላይ ያውሉት። ቆርቆሮውን ከውጭ ነጭ መቀባት፣ ኮርኒስ ማሠራት፣ ከግድግዳው ጫፍ አየር መውጫ መተው፣ ደጅ ላይ የጥላ ዛፍ መትከል ለውጥ ያመጣሉ። ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ የገባ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ግድግዳው ያው ጭቃ ሆኖ ቤቱ ግን ምድጃ ይሆንበታል።

ተረት 2፦ “ቀለም ጌጥ ብቻ ነው፤ ዋናው ደስ ማለቱ ነው።”

እውነታው፦ የክሬምና የጠቆረ ሰማያዊ ትልቁ ልዩነት ብርሃን ላይ ነው። ክሬም ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 75 ያህሉን ወደ ክፍሉ ይመልሳል። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ከመቶ 10 አይሞላም። ብርሃን አንድ ግድግዳ ነክቶ አይቆምም፤ ወደ ሌላው ይነጥራል። ከክሬም ግድግዳ ሁለቴ ከነጠረ በኋላ ከመቶ 56 ያህሉ ይቀራል፤ ከሰማያዊው ግን አንድ እንኳ መቅረቱ ያጠራጥራል። አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ባለው ክፍል፣ ማታ ደግሞ በአንድ የሶላር መብራት ለሚያጠና ልጅ ይህ ልዩነት ደብተሩን ማየትና አለማየት ማለት ነው።

“ጠቆር ያለ ቀለም ክፍል ያጠባል” የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በአብዛኛው ልክ ነው። በአንጻሩ ኮርኒሱ ነጣ ሲል ክፍሉ ከፍ ያለ ይመስላል።

ተረት 3፦ “ጠቆር ያለ ቀለም ቆሻሻ አያሳይም።”

እውነታው፦ የትኛውን ቆሻሻ? ጥላሸትንና የእጅ እድፍን ይደብቃል። የበጋውን አቧራ፣ የውሃ ጠብታ ምልክትንና ከእርጥብ ግድግዳ የሚወጣውን ነጭ ጨው ግን አጉልቶ ያሳያል። ወንበር የፋቀው ቦታም ነጭ ጭረት ሆኖ ይቀራል። ክሬሙ ተቃራኒው ነው፤ አቧራ ይችላል፣ ጥላሸት አይችልም። ቤት ውስጥ እሳት የሚያነድ ሰውና ደጅ የሚያበስል ሰው አንድ ዓይነት ምርጫ ሊኖራቸው አይችልም።

ተረት 4፦ “ሰማያዊ ቀለም ዝንብና ትንኝ ያባርራል።”

እውነታው፦ ከብት የሞተበት ሰው ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ ያውቃል። ገንዲን የምታስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለመያዝ የሚሰቀለው ወጥመድ የሚሠራው ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ ነው፤ ምክንያቱም ዝንቧ ወደ ሰማያዊ ትሳባለች። ይህ ማለት ሰማያዊ ግድግዳ ዝንብ ይጠራል ማለት አይደለም፤ ሰማያዊ በባሕርዩ ዝንብ አባራሪ አለመሆኑን ግን ያሳያል። ትንኝም ቢሆን የግድግዳ ቀለም ፈርቶ አይሸሽም። ቀን ቀን ጨለማና እርጥብ ጥግ ፈልጎ ስለሚያርፍ ብርሃን ያለው ክፍል እርሱን ለማየት ይመቻል፤ ከዚያ ያለፈ ጥቅም የለውም።

እዚህ ላይ ለጋምቤላ ሰው ከቀለም ምርጫ የሚበልጥ ቁም ነገር አለ። የወባ መከላከያ ኬሚካል ቤት ውስጥ ሲረጭ የሚሠራው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በመቆየት ነው፤ ትንኟ ስታርፍበት ትሞታለች። ከርጭት በኋላ ግድግዳውን የቀባ ወይም እንደገና የመረገ ሰው መድኃኒቱን በገዛ እጁ ሸፈነው ማለት ነው። የሚቀቡ ከሆነ ርጭቱ ከመድረሱ በፊት ይቀቡ። አጎበሩንም አይተዉ።

ተረት 5፦ “ዘይት ቀለም የጭቃውን ግድግዳ ያጠነክረዋል።”

እውነታው፦ የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ ይተፋል። ዘይት ቀለም እንደ ላስቲክ ይሸፍነዋል፤ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከነምርጊቱ ገፍቶ ይልጠዋል። ለጭቃ ቤት ኖራ ይሻላል። ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ግድግዳውንም አያፍነውም። ሲቀቡት ግን ዓይን ስለሚያቃጥል ይጠንቀቁ። 

ዘይት ቀለም ሌላም ጣጣ አለው። ሊድ የሚባለው የእርሳስ ብረት በብዛት የሚገኘው በደማቅ ቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ ዘይት ቀለሞች ውስጥ ነው፤ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይግዙ፤ የተላጠ አሮጌ ዘይት ቀለምም ሕፃን በሚድህበት ክፍል ውስጥ በደረቁ አይፋቁ።

ተረት 6፦ “ሱቅ ውስጥ የመረጥኩት ቀለም ግድግዳዬም ላይ ያው ነው።”

እውነታው፦ ቀለም የሚያርፍበትን ብርሃን ይመስላል። ክረምት ላይ ደጁ ሣር ሲሞላ በበር የሚገባው ብርሃን አረንጓዴ ነክቶት ስለሚገባ ክሬሙን ያደበዝዘዋል። ማታ ቢጫ አምፖል ሰማያዊውን ወደ ግራጫ ይወስደዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ገዝተው ክንድ የሚያህል ካርቶን ሁለት ሁለት እጅ ይቀቡ፤ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይዩት።

መጠኑንም ያስሉ። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር ክፍል በርና መስኮቱ ተቀንሶ 36 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም አንድ እጅ ሲቀባ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ሁለት እጅ ከ7 እስከ 8 ሊትር ይፈጃል። ሰማያዊን በክሬም ለመሸፈን ግን ሁለት እጅ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከክሬም ወደ ሰማያዊ መሄድ ይቀላል፤ መመለሱ ነው የሚያስወጣው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? መልሱን የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ግድግዳ ላይ ለዓመታት አይተነዋል፦ ከታች እስከ ወገብ ጠቆር ያለ፣ ከወገብ በላይ ነጣ ያለ። እጅና ወንበር የሚነካውን የታችኛው ይችለዋል፤ ብርሃኑን የላይኛው ይመልሰዋል። ሁለቱን ቀለሞች ማጣላት አያስፈልግም። አንዱን ብቻ የመግዛት አቅም ካለዎት ግን ክሬሙን ይግዙ። ሙቀቱን ለጣራው ይተዉት፤ ግድግዳው ለልጅዎ ደብተር ብርሃን ይስጥ።