ሲ የማያውቃት ሁለት ነጥብ

መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ባለባት ሮቤ ከተማ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ በሲ ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ተርሚናሉ ላይ የቦታ ስሞች ሲሰጧት እያንዳንዱን በየመስመሩ ታወጣለች። «ሮቤ ጎባ ሳነቴ» አላት፤ ሦስት መስመር ወጣ። ጋቢውን ተከናንቦ ሊተኛ ሲል የዶርም ጓደኛው ስክሪኑን አየና «አንተ፣ እስቲ እንደ ድሮ ሰው በሁለት ነጥብ ለይተህ ሞክራት» አለው።

«ሮቤ፡ጎባ፡ሳነቴ» ብሎ ጻፈ። አንድ መስመር ብቻ!

ለካ ቀድሞውንም ስሞቹን ይለይ የነበረው የእሱ ፕሮግራም አልነበረም። ትእዛዙን በክፍት ቦታ ቆራርጦ የሚያስረክበው የተርሚናሉ ትእዛዝ ተቀባይ፣ ሼሉ ነው፤ ፕሮግራሟ ሥራ ስትጀምር ክፍተቱ አስቀድሞ ጠፍቷል። ሁለት ነጥብን ግን ሼሉ እንደ ማንኛውም ፊደል ያሳልፋታል። እንግዲህ መቁረጡ ለተማሪው ቀረ።

ክፍተትን የሚለየውን ኢዝስፔስ የተባለ ዝግጁ ፈንክሽን ጠራ። እሱ የሚያውቀው ስድስት ብቻ ነው፦ ክፍት ቦታ፣ ታብ፣ አዲስ መስመርና ሦስት ዘመዶቻቸው። ፡ የለችበትም። ከዚያ ፡ን በነጠላ ጥቅስ አስገብቶ ከእያንዳንዱ ካራክተር ጋር አወዳደረ። ኮምፓይለሩ «ይህ ከአንድ ካራክተር በላይ ነው» ብሎ አስጠነቀቀው። ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ተማሪ ደግሞ ከየት ይመጣል? አለፈው። ምንም አልተቆረጠም።

በመጨረሻ ጽሑፍ የሚቆራርጠውን ፈንክሽን፣ ስትርቶክን አነሣና መለያው ፡ ናት አለው። አሁንስ ተቆረጠ፤ ግን ሰባት መስመር ወጣ፣ ሁሉም የጥያቄ ምልክት የሞላበት።

እኩለ ሌሊት አለፈ። ሦስቱን ስሞች እንደገና ሊጽፍ ሲል ጣቱ ተሳስቶ ሮቤ ላይ ኢንተርን ተጫነ። ሁለት መስመር ወጣ። ቀና አለ። ሳነቴን ብቻዋን ሰጣት፤ ሦስት። ፕሮግራሟ ቃል ሳይሆን ፊደል ነበር የምትቆጥረው!

እያንዳንዱን ባይት በቁጥር አሳተመ። ጎ፦ 225 140 142። ባ፦ 225 137 163። ፡ ደግሞ 225 141 161። አንዷ ምልክት ሦስት ባይት ኖራለች፤ ኮምፓይለሩም ሲነግረው የነበረው ይህንኑ ነው። ስትርቶክ ሦስቱ ተከታትለው እስኪመጡ አይጠብቅም፤ ከሦስቱ አንዱን ባገኘበት ሁሉ ይቆርጣል። የአማርኛ ፊደል ሁሉ በ225 ስለሚጀምር እያንዳንዱ ፊደል ራስ ራሱን ይባል ነበር።

መፍትሔው ሦስቱን ባይቶች አንድ ላይ የሚፈልገው ሌላ ፈንክሽን፣ ስትርስትር ሆነ። ግን ሌላ ስጋት መጣበት፦ የአንዱ ፊደል ጭራና የሌላው መነሻ ተገናኝተው በአጋጣሚ 225 141 161 ቢሠሩስ?

አይሠሩም። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በመስከረም 1992 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠው፣ ጠረጴዛ ላይ በሚነጠፍ ወረቀት ፊደላትን ወደነዚህ ባይቶች የሚቀይረውን ዩቲኤፍ-8ን ሲነድፉ መነሻ ባይትና ተከታይ ባይት ፈጽሞ እንዳይምታቱ አድርገው ነበር። ያኔ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ ገና አልገባም ነበር፤ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ፡ም ስትገባ የተመደበችው ከሥርዓተ ነጥብ እንጂ ከክፍት ቦታ ወገን አይደለም።

«ሮቤ፡ጎባ፡ሳነቴ» ሦስት መስመር ሆኖ ወጣ። በማግስቱ ።ን እና ፣ን ጨመረ። ሦስቱም ጎረቤታሞች ናቸውና የመጨረሻውን ባይት 162 እና 163 ማድረግ ብቻ በቃው።