«ሲስተም የለም» ሲባል የትኛው ነው የሌለው?

ነቀምቴ ላይ ከባንክ መስኮት ወይም ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ፊት ቆሞ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። መልሱ ተጨማሪ ጥያቄ አያስተናግድም፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛም ከዚያ የበለጠ የሚነግረው የለም። የሚገርመው ሊኑክስ ሰርቨር በእጃቸው ያለ ባለሙያዎችም አንዳንዴ ከዚህ መልስ አለማለፋቸው ነው። ሰርቪሱ ተነሥቷል ወይ? መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ ይነሣል ወይ? በየትኛው አድራሻ ነው የሚያዳምጠው? ከሌላ ማሽን ይደረስበታል ወይ? እነዚህ አራት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ከታች ያሉት ተረቶች ብዙዎቹ የሚወለዱት የአንዱን መልስ ለሌላው በመውሰድ ነው።

ተረት፦ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሲስተሙም አብሮ ሞቷል

ወለጋ ውስጥ ይህን የሚያምን ሰው ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶ የተከፈተው መጋቢት 22 ነበር፤ ሦስት ወር ያህል መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘጋ። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ላይ የተቀመጠ አገልግሎት፣ ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ መስመሩ ሲቆረጥ መቆሙ አይቀርም። ሰርቨሩ እዚሁ ግቢ ውስጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እንደ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ባለ ሰፊ ግቢም ይሁን ጨለለቂ ውስጥ በተከራየች አንዲት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል፣ ማሽኖቹ በአንድ ስዊች እስከተያያዙ ድረስ ወደ ውጭ የሚሄደው መስመር ቢቆረጥም እርስ በርሳቸው መነጋገራቸውን አያቆሙም። የፋይል ማጋሪያው፣ የፈተና ፕሮግራሙ፣ ከመስመር ውጭ የሚነበበው ዊኪፔዲያ ሁሉ መሥራት ይችላል።

ታዲያ ለምን ይቆማል? ብዙ ጊዜ ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። ማሽኖቹ ሰርቨሩን የሚያውቁት በስም ሆኖ፣ ስሙን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ሰርቨር ውጭ አገር ከተቀመጠ፣ ሰርቨሩ አንድ ግድግዳ ርቀት ላይ ሆኖም የሚያገኘው የለም። መድኃኒቱ ግቢው ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ዲኤንኤስ ማስቀመጥ ነው፤ ዲኤንኤስማስክ የሚባለው ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል፣ አሮጌ ማሽንም ይችለዋል። ሁለተኛው ምክንያት የሚያናድድ ነው። በአገር ውስጥ የተሠራ የድረ ገጽ ፕሮግራም፣ ለአንድ ግቢ ብቻ ተብሎ የተጻፈ፣ የፊደል ቅርጹንና የጃቫስክሪፕት ፋይሉን ከባሕር ማዶ ሰርቨር ይጠራል። መስመሩ ሲቆረጥ ገጹ እነዚያን ፋይሎች እየጠበቀ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ተጠቃሚው «ሲስተም የለም» ይላል፣ ሰርቨሩ ግን አንዳች አልሆነም። ፋይሎቹን ወደ ራስ ሰርቨር መገልበጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፕሮግራም የሚገዛ መሥሪያ ቤት ከመረከቡ በፊት የኢንተርኔት ገመዱን ነቅሎ ቢሞክር ብዙ ይገለጥለታል።

ተረት፦ አንድ ጊዜ ካስነሡት በቃ

ዛሬ አብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች ሰርቪስ የሚያስተዳድሩት በሲስተምዲ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ሬድሃት በ2014፣ ደቢያንና ኡቡንቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ተቀበሉት። በሲስተምዲ «ስታርት» ማለት አሁን አስነሣ ማለት ብቻ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ሰርቪሱም እንዲነሣ የሚያዝዘው «ኢኔብል» ነው። ሁለቱ አይተካኩም፤ ኢኔብል የተደረገ ሰርቪስ አሁን ላይነሣ ይችላል፣ አሁን የሚሠራው ደግሞ ነገ ላይኖር። ኡቡንቱና ደቢያን የተጫነውን ሰርቪስ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ሁለቱንም ያደርጉለታል፤ የሬድሃት ወገኖች አያደርጉም። አንዱን ለምዶ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስሕተቱም ለወራት ተደብቆ ይቆይና መብራት ሄዶ፣ ዩፒኤሱ ደክሞ፣ መብራት ሲመለስ ይወጣል። መብራት በየጊዜው በሚሄድበት ከተማ ይህን ፈተና አውቆ ቀድሞ መፈተን ይሻላል፦ ሥራ በሌለበት ሰዓት ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣትና እጅ ሳይነኩ ምን እንደሚመለስ ማየት።

ኢኔብል የተደረገውም ቢሆን ላይነሣ ይችላል። በአንድ የተወሰነ አድራሻ ላይ እንዲያዳምጥ የታዘዘ ሰርቪስ፣ ኔትወርክ ካርዱ አድራሻውን ሳያገኝ ከተነሣ ወድቆ ይቀራል። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ከራውተሩ ቀድሞ መነሣቱ ደግሞ የተለመደ ነው። ሲስተምዲ የወደቀውን ሁሉ መልሶ ያነሣል የሚለውም ተረት ነው፤ በሰርቪሱ ፋይል ላይ «ሪስታርት» የሚለው መስመር ካልታዘዘ ዝም ይላል። ቢታዘዝም በ10 ሴኮንድ ውስጥ 5 ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ይተዋል። ስለዚህ በሙከራዎቹ መካከል ትንሽ እረፍት መጨመር ራውተሩ እስኪነሣ ጊዜ ይሰጠዋል።

ተረት፦ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፤ ፒንግ ከመለሰ ደህና ነው

በሲስተምዲ የስታተስ ትእዛዝ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ነጥብ ፕሮግራሙ በሕይወት እንዳለ ይናገራል፤ ሰው ይደርስበታል አይልም። ማርያዲቢ ዳታቤዝ በኡቡንቱ ላይ ሲጫን 127.0.0.1 ላይ ብቻ ያዳምጣል፤ ይኸውም ከራሱ ማሽን ሌላ ማንንም አይሰማም። ይህ ጥፋት አይደለም፣ ጥበቃ ነው። «ኤስኤስ» የተባለው ትእዛዝ ማን በየትኛው አድራሻና ፖርት እንደሚያዳምጥ በአንድ መስመር ያሳያል። ፒንግም እንደዚሁ ነው፤ የሚመልሰው ማሽኑ እንጂ ሰርቪሱ አይደለም። ፋየርዎል ፒንግን ከልክሎ ድረ ገጹን ሊያሳልፍ፣ ወይም ተገላቢጦሹን ሊያደርግ ይችላል። ፕሮግራሞችን በየኮንቴይነራቸው የሚያስነሣውን ዶከርን የሚጠቀሙ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ ዶከር የከፈተው ፖርት ዩኤፍደብሊው በተባለው የኡቡንቱ ፋየርዎል ተዘግቷል ተብሎም ክፍት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ የራሱን ሕግ በቀጥታ ስለሚጽፍ።

ተረት፦ ሪስታርት የማይፈውሰው የለም

ማስታገሻ ነው፣ ይሠራልም። ግን ማሽኑን በሙሉ ሪስታርት ማድረግ አንዳንዴ ማስረጃውን ያጠፋል፤ በአንዳንድ ቅንብሮች ጆርናል የሚባለው የሲስተምዲ መዝገብ የሚቀመጠው በማስታወሻ (ራም) ውስጥ ብቻ ስለሆነ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ጆርናሉን ማንበብ ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ ጊምቢ ወይም ሻምቡ ያለን ማሽን የሚያስተካክል ሰውማ ሌላም ሥጋት አለበት፦ ከሩቅ ወደ ማሽን በሚያስገባው በኤስኤስኤች ቅንብር ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳትና ሰርቪሱ ባይነሣ መድኃኒቱ አውቶቡስ ነው። ለዚህ ቅንብሩን የሚፈትሽ ትእዛዝ አለ። ኤስኤስኤች ሪስታርት ሲደረግ የተከፈተው ግንኙነት ስለማይቋረጥ፣ እሱን ሳይዘጉ በሌላ መስኮት ለመግባት መሞከር ነው።

ሪስታርት በእርግጥ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፤ የሚረሳውም እዚያው ነው። በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ቀዳዳ ሲገለጥ ማሻሻያውን በመጫናቸው ብቻ የዳኑ የመሰላቸው ነበሩ። ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ተቀይሯል፤ ቀድሞ የተነሡት ሰርቪሶች ግን ሪስታርት እስኪደረጉ ድረስ አሮጌውን በማስታወሻ ይዘው መሥራታቸውን ቀጠሉ።

ተረት፦ ሊኑክስ አይጠቃም፤ ነቀምቴ ድረስ መጥቶ ማን ይነካናል

በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ዓለምን ያናወጠው በሊኑክስ በሚሠሩ ካሜራዎችና ራውተሮች ነው። ዘዴው ቀላል ነበር፦ በየአድራሻው እየዞረ ከ60 በላይ የፋብሪካ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርዶችን ይሞክራል። ከተማ አይመርጥም፣ የሚያየው ቁጥር ነው። ኤስኤስኤች የሚያዳምጥበትን ፖርት 22ን ወደ ሌላ ቁጥር መቀየርም ጩኸቱን እንጂ አደጋውን አይቀንስም። ቁጥሩ ራሱ ምሥጢር የለውም፤ ፊንላንዳዊው ታቱ ኡለነን በ1995 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፓስወርድ በኔትወርክ ሲሰረቅ አይቶ ኤስኤስኤችን ሲጽፍ፣ በኤፍቲፒ 21 እና በቴልኔት 23 መካከል ባዶ የነበረውን ቁጥር ጠየቀና ተሰጠው። የሚያድነው በፓስወርድ መግባትን ዘግቶ በቁልፍ መጠቀም፣ የማያስፈልግን ሰርቪስም ማጥፋት ነው።

ተረት፦ ሰርቨሩ የእኛን ሰዓት አያውቅም

ቀጠናችንን ያውቃል፤ አፍሪካ፣ አዲስ አበባ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) 3 ሰዓት ይቀድማል። የማያውቀው አቆጣጠራችንን ነው። አለቃ «ባክአፕ ሌሊት 8 ሰዓት ይሁን» ሲል ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው ክሮን ላይ 8 የጻፈ ልጅ፣ ባክአፑን ያስጀመረው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ወንበሩን ስቦ ሊቀመጥ ሲል። መጻፍ የነበረበት 2 ነው፣ ያውም ማሽኑ በዩቲሲ እንዳልተተወ አይቶ። የሰዓት ባትሪው የሞተ ማሽን ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ወደ አሮጌ ቀን ይመለሳል፤ ያኔ ከዚያ ቀን በኋላ የተሰጡ የደኅንነት ሰርተፊኬቶች «ገና አልጸናም» ተብለው ይወድቃሉ። ኢንተርኔት ካለ ክሮኒ የተባለው ሰዓት አመሳሳይ ፕሮግራም ያስተካክለዋል። ከሌለ ባትሪው መቀየር አለበት፤ ከማዘርቦርዱ ላይ በጣት የሚወጣው፣ ሳንቲም የሚመስለው።