ድንበር ሲለወጥ መኪናው እንዴት ያልፋል?

እኛ የማንያታ ልጆች ከባድ መኪና ሲመጣ መሪውን አይተን የየት አገር እንደሆነ እንለያለን። በኬንያ በግራ ይነዳል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ከ1964 ጀምሮ በቀኝ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሾፌሩ ሞያሌ ላይ መስመር ቀይሮ ጉዞውን ይቀጥላል። ዘንድሮ በክፍላችን ያከራከረን ከዚህ የከበደ ጥያቄ ነው፦ አንድ አገር ከሌላው ተለይቶ ሲወጣ ጭነቱ ምን ይሆናል?

ቅርባችን ያለው ምሳሌ ኤርትራ ናት። በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፤ በ1962 ፌዴሬሽኑ ፈረሰና ክፍለ ሀገር ሆነች፤ በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ነጻ ወጣች። ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ብትሆንም የአሰብ መንገድ በማግስቱ አልተዘጋም። ሁለቱ መንግሥታት ኢትዮጵያ በአሰብ እንድትጠቀም ተስማሙ፤ ብርም በሁለቱም አገር መገበያያ ሆኖ ቆየ። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ በያዘው ብር አሰብ ላይ ምሳውን ይበላ ነበር ማለት ነው። ለእኛ፣ ብርና ሽልንግ ስንመነዝር ለምንውል፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በኖቬምበር 1997 ኤርትራ ናቅፋን አወጣች። ኢትዮጵያም ከአነስተኛ የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። መንገዱ ያው ነው፤ ሒሳቡ ግን ተወሳሰበ። በሜይ 1998 ጦርነት ሲነሳ የኢትዮጵያ ጭነት አሰብን ትቶ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጅቡቲ ባትኖር ኖሮ ምን ይውጣት ነበር?

ኬንያም ቀምሳዋለች። ከታንዛኒያና ከኡጋንዳ ጋር ባቡሩም አውሮፕላኑም የጋራ ነበር። በ1977 ማኅበረሰቡ ሲፈርስ ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች፤ የተከፈተው በ1983 ነው።

የእኛ ሞያሌ የሚሠራው በስምምነት ነው። በዲሴምበር 2020 በተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ የሁለቱ አገር ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ፤ መንገደኛው ሁለት ቦታ አይሰለፍም። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ደግሞ የአንዱ አገር መኪና በሌላው አገር ሰው ቢጎዳ የሦስተኛ ወገን ካሳ የሚከፈልበት መድን ነው። አባቶቻቸው ሾፌር የሆኑ የክፍላችን ልጆች ያውቁታል፤ ማታ መኪናው ሲቆም መጀመሪያ ወደ ቤት የሚገባው የወረቀቱ ቦርሳ ነው።