በወረርሽኙ ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤትና የሕዝብ ፍርድ

የኮሮና በሽታ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም በተነገረ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዝዞ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሸኙ፣ ትእዛዙን የነቀፈ ሰው እምብዛም አልተሰማም፤ በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ ያደረሰውን እልቂት ከአያት ከቅድመ አያቱ ሲሰማ የኖረ፣ በየዓመቱም ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እያቃጠለ ሰፈሩን የሚያጥን ሕዝብ፣ ቸነፈር ሲመጣ ከጉባኤ መራቅ እንደሚገባ መካሪ አላስፈለገውም። ክርክሩ የተነሣው ሰንበት ብሎ ነው፤ በተነሣም ጊዜ የጎላው የግል ትምህርት ቤት ወላጆች ድምፅ ነበር። ልጆቻችን ሳይማሩ ወርኃዊውን ክፍያ እንዴት እንከፍላለን የሚለው አቤቱታ፣ መምህራኑን በምን ደመወዝ እናቆያቸው ከሚለው የባለቤቶቹ መልስ ጋር ሲጋጭ ከረመ፤ እጅግ የሚበዛውን ተማሪ የያዘው የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን፣ ክፍያ ስለማይጠየቅበት ብቻ፣ ጉዳት ያልደረሰበት መሰለ።

በከተሜው ዘንድ የዚህ ትምህርት ቤት ስም ከወረደ ቆይቷል። አቅም ያለው ይቅርና የሌለውም ከጉሮሮው ቀንሶ ልጁን ከዚያ ማውጣትን የወላጅነት ግዴታ አድርጎ ቆጥሮታል፤ ስለዚህም በሩ ሲዘጋ ምን አብሮ እንደ ተዘጋ በቅጡ የመረመረ ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ፣ በዚያው በ2012 ዓ.ም መባቻ የተማሪዎች ምገባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተጀምሮ ስለ ነበር፣ ለብዙ ሕፃን ትምህርት ቤቱ ፊደል ብቻ ሳይሆን ገበታም ነበረ። በገጠር ደግሞ ልጅቷ ተማሪ ናት ማለት ለጋብቻ ለተላከ ሽማግሌ የሚበቃ መልስ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ግን አባት የሚመልሰው አጣ፣ በአማራ ክልልም ያለ ዕድሜ ጋብቻ መበራከቱ በዚያው ሰሞን ተዘገበ።

ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይቀጥላል ተባለ፤ ቀጠለም። የግል ተማሪው መልመጃውን በቴሌግራም ሲቀበል፣ አባቱ የቀን ሠራተኛ የሆነው ልጅ ግን የቤቱ አንድ ስልክ ከአባቱ ጋር ማልዶ ስለሚወጣ፣ እናቱ እንጀራ በምትጋግርበት ጓዳ ከራዲዮው ሥር ተቀምጦ፣ መምህሩ ጠይቀው ዝም ሲሉ ጮኾ ይመልሳል፤ ተሳሳተም አልተሳሳተም መምህሩ አይሰሙትምና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሞገዱ ለሁሉ እኩል ይደርሳል የሚለው አሳብ ቅን ቢሆንም፣ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ላለው ልጅ ይህም አልደረሰውም። በዓመቱ መጨረሻ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሁሉም ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወረ፤ ያልተማረውን እንደ ተማረ ተቆጥሮ መዛወሩ ምሕረት ነበር ቢባልም፣ ዕዳው ያረፈው በልጁ ላይ ነው።

ከጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም ጀምሮ በገጠር፣ ጥቅምት 30 ደግሞ በአዲስ አበባ በሮቹ ሲከፈቱ፣ ልጅን ለመቅሠፍት መማገድ ነው ያሉ ነበሩ፤ ፍርሃታቸውም የሚናቅ አልነበረም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጆች ግን ልጆቻቸውን ይዘው በማለዳ መጡ። በየበሩ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ቆሞ፣ ሳሙናው በገመድ ታስሮ፣ ተማሪው እጁን ታጥቦ ይገባ ነበር። አንዱ ወንበር ለአንድ ተማሪ ሆነ፤ መምህራን ለዓመታት ሲያመለክቱበት የኖሩት የክፍል መጣበብ፣ በፈረቃ ስለ ተከፈለ፣ ቀለል አለ። ለዚህም ዋጋው የተከፈለው ያንኑ ትምህርት በድጋሚ ባስተማሩት መምህራን ጉልበት ነው፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ደግሞ ተማሪው ወደ ቀድሞው ጥብበት ተመለሰ። ለበሽታ ሲባል የተቻለው ለትምህርት ሲባል ለምን አይቻልም ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን አልሰማሁም፤ ወላጆቹንም የጠየቃቸው የለም።

አዲስ አበባ ከመክፈቷ ስድስት ቀን አስቀድሞ፣ ጥቅምት 24፣ በትግራይ ጦርነት ተነሣ። በዚያ በመጋቢት ለወረርሽኙ የተዘጋው በር በብዙ ስፍራ ለዓመታት ሳይከፈት ሲቀር፣ ስለ ክፍያ እንደዚያ ይጮኽ የነበረው ያገር ድምፅ ስለ እነዚያ ልጆች እኩሌታውን እንኳ አልጮኸም።