የቻይናው ሩዝ ኑድልስ፦ ከማዘዝዎ በፊት መረቁን ይጠይቁ

ከባሕር ዳር ወይም ከጢስ ዓባይ ተነሥተው ለሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት ወይም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ የምሳ ሰዓት መንገድ ላይ ይደርስብዎታል። ልጅ ራበኝ ይላል፤ አብረው የሄዱት እናትዎ ደክሟቸው መቀመጫ ይፈልጋሉ። እንዲህ ባለ ሰዓት በሩ ላይ ቀይ ፋኖስ የተንጠለጠለበት የቻይና ምግብ ቤት ቢያጋጥምዎ «ገብተን ብንሞክረውሳ?» ማለትዎ አይቀርም። ይግቡ። ምግቡ ጥሩ ነው፤ ቤቱም የክት ልብስ የሚጠይቅ አይደለም። ዳሩ ግን ከማዘዝዎ በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። እኔ ያን ሳልጠይቅ ቀርቼ የደረሰብኝን ለእርስዎ ሳልነግር ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

እናቴ የጢስ ዓባይ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ላስመረምራቸው አዲስ አበባ ይዣቸው በሄድሁ ጊዜ የስድስት ዓመት ልጄም አብራን ነበረች። ቀኑ ረቡዕ ነው። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ለጿሚ እህል የሚቀመስበት ሰዓት ነውና በቅርብ ካገኘነው ቤት ገባን። የቻይናዎች የሩዝ ኑድልስ ቤት ነበር። አስተናጋጇን «የጾም አላችሁ?» አልኋት። «አዎን፣ የአትክልት አለ» አለችኝ። «ሥጋ የለውም አይደል?» አልሁ። «የለውም» አለች። እኔም ጠንቃቃ የሆንሁ መስሎኝ ሦስት አዘዝሁ።

የቀረበልን በትልልቅ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ነጭ፣ ረዥምና ልስልስ የሩዝ ኑድልስ፣ ላዩ ላይ ጎመን፣ ካሮትና የተቆላ ለውዝ፤ ከሥሩ የጠራ መረቅ። እናቴ አማትበው አንድ ማንኪያ ቀመሱና ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ልጄ፣ ይኸ ነገር ጮማ ጮማ ይላል» አሉኝ። አስተናጋጇን ጠራኋት። ወደ ወጥ ቤት ሄዳ ተመለሰች፤ ፊቷ ተለውጧል። አትክልቱ አትክልት ነው፤ መረቁ ግን ሌሊቱን በአሣማ አጥንት ሲንተከተክ ያደረ ኖሯል።

እናቴ አልተቆጡም። ውኃ አስመጥተው አፋቸውን ተጉመጠመጡና ዝም አሉ። ዝምታቸው ከቁጣ ይከብዳል፤ ጢስ ዓባይ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ንስሐ አባታቸው እንደሆነ አውቄአለሁ። ልጄ በበኩሏ ግማሹን ጨርሳ ነበር። በዚህ መሀል ወጥ የምትሠራው ቻይናዊት ነጭ ሽርጧን እንደታጠቀች ወጣች። በእጇ እያሳየች፣ በአስተናጋጇም እያስተረጎመች፣ በንጹሕ ውኃ ሌላ ልሥራልዎ አለቻቸው። እናቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እግዜር ይስጥሽ፤ ድስቱ ያው ነው» አሉና ሻይ ብቻ ጠጥተው ተነሡ።

በኋላ ነገሩን ሳጣራ አስተናጋጇም ሆነች ወጥ ሠሪዋ እንዳልዋሹኝ ተረዳሁ። በደቡብ ቻይና የኑድልስ ቤት ዋናው ሥራ መረቁ ነው። የአሣማ አጥንት፣ ብዙ ጊዜም ዶሮ ተጨምሮበት፣ ለሰዓታት ይቀቀላል፤ ከዚያም ለሚመጣው ሁሉ ከዚያው ይቀዳል። ምግቡ «የአትክልት» ወይም «የበሬ» የሚባለው ላዩ ላይ በሚቀመጠው ነገር ነው። ሥጋ ማለት ለእነርሱ የሚታኘከው ነው፤ መረቁን ከሥጋ አይቆጥሩትም። በእኛም ቤት ቢሆን አንድ እንግዳ ሽሮ ሁሉ የጾም መስሎት ቅቤ የገባበትን ሊበላ ይችላል። ጥፋቱ ስለ መረቁ ያልጠየቅሁት የእኔ ነው።

ስለዚህ እርስዎ ሲገቡ «ሥጋ አለው ወይ?» ብቻ ብለው አይብቃዎ። መረቁ ከምን እንደተቀቀለ፣ የሚያቁላሉበት ቅባት የአትክልት ዘይት ይሁን የአሣማ ስብ ይጠይቁ። ሙስሊም እህቶቻችንም ከአሣማው ሌላ ወጥ ውስጥ የሚጨመር የሩዝ ወይን ጠጅ ስላለ እርሱንም ጨምረው ቢጠይቁ ይበጃል። ቡናማና ወፍራም የሆነ አንድ ማጣፈጫ ደግሞ አለ፤ ከዛጎል ውስጥ ከሚኖር የባሕር እንስሳ የሚሠራ ነውና ለጾም አይሆንም የሚሉ ይተዉት። ጥቁሩ የአኩሪ አተር ማጣፈጫ ጾም ነው፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ ስለሚገባበት ስንዴ የማይስማማው ልጅ ያለዎት እናት «ሩዝ ነውና አይጎዳም» ብለው እንዳይዘናጉ። ለውዝ የሚያሳብጠው ልጅ ካለም አስቀድመው ይናገሩ፤ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቁ ይነሰንሱታልና። ከጓንግሺ ክፍለ ሀገር ከሊውዡ ከተማ የመጣና ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ዓይነትም አለ። ሽታው ከኮመጠጠ የቀርከሃ እምቡጥ ነው፤ መረቁ ግን የሚቀቀለው በወንዝ ቀንድ አውጣ ነው። ቻይናዎቹ ይህን አሠራር በ2013 ዓ.ም. ከአገራቸው ቅርስ መዝግበውታል። ለእኛ ሆድ ግን አስቀድሞ ማወቁ ሳይሻል አይቀርም።

ያለ መረቅም ይቀርባል። በጉይሊን ከተማ ኑድልሱ በጥቂት ማጣፈጫ፣ በለውዝና በኮመጠጠ አትክልት ተለውሶ እንደ ፓስታ ይበላል። «ያለ መረቅ፣ በዘይት፣ በንጹሕ ድስት» ብለው ቢያዙ የጾም ምሳ ይሆንልዎታል። የመመገቢያ እንጨቶቹ ቢያስቸግሩዎ ሹካ ይጠይቁ፤ አያሳፍርም። ልጅዎ ኑድልሱን ፉት እያለ ድምፅ ቢያሰማ ደግሞ በዚያ ቤት አይገሥጹት፤ በቻይናዎች ዘንድ ነውር አይደለም። ቤት ሲመለሱ ግን እንደ ልማድዎ።

ልጆቻችን ኢንዶሚ እያሉ ከሱቅ የሚያስገዙን ከስንዴ የተሠራ ነው። ቻይና ሰፊ አገር በመሆኗ ሰሜኑ ስንዴ፣ ደቡቡ ሩዝ ያበቅላል፤ የሩዙ ኑድልስ የደቡቦቹ ነው። እዚህ ላይ እንጀራ ጋጋሪ የሆነች እናት ከማንም በላይ የምትረዳው ነገር አለ። የስንዴ ሊጥ ቢስቡት ይለጠጣል፤ የሩዝ ሊጥ ግን እንደ ጤፍ ሁሉ የሚለጠጥበት ነገር የለውም፤ ይበጣጠሳል። ታዲያ እንደ ክር የሚረዝመው እንዴት ነው? ሩዙን ዘፍዝፈው፣ በአንዳንድ ቦታም እንደ እኛ ቡኮ ለቀናት እንዲኮመጥጥ ትተው፣ ከውኃ ጋር ይፈጩታል። ውኃውን አጥልለው ሊጡን እስከ ግማሽ ያበስሉታል፤ ከዚያ አሽተው ቀዳዳ ባለው መጭመቂያ ወደሚፈላ ውኃ ይለቁትና በቀዝቃዛ ውኃ ያወጡታል። ያ ግማሽ የበሰለው ነው ጥሬውን አጣብቆ የሚይዘው። እኛም ከቡኮው ቀንሰን፣ በፈላ ውኃ አብስለን፣ መልሰን የምንቀላቅለው አብሲት ሥራው ይኸው ነው። የዩናን እናቶችና የጎጃም እናቶች ሳይተዋወቁ አንድ ብልሃት ላይ ደርሰዋል ማለት ነው።

ከዚሁ ከዩናን የመጣ «ድልድይ ተሻጋሪ ኑድልስ» የሚባል ዓይነት አለ። ሲተረክ እንዲህ ነው። ሜንግዚ በተባለ ከተማ አንድ ተማሪ ለመንግሥት ፈተና ሊዘጋጅ በሐይቅ መሀል ወዳለች ደሴት ገብቶ ይቀመጣል። ሚስቱ በየቀኑ ድልድይ ተሻግራ ምሳ ትወስድለታለች። ምሳው ግን ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ይደርሳል፤ እርሱም ይከሳል። አንድ ቀን የዶሮ መረቅ ይዛ ስትሄድ የዶሮው ስብ ከላይ እንደ ክዳን ሆኖ ሙቀቱን አፍኖ እንደያዘው ታያለች። ከዚያ ወዲህ መረቁን ከነስቡ፣ ኑድልሱንና ሥጋውን ለብቻ እያደረገች ወስዳ እዚያው ትቀላቅልለት ጀመር ይባላል። የጣናን ደሴቶች ለሚያይ፣ ለባሏና ለልጆቿ ምሳ ዕቃ ለምታሰናዳ ሴት ይህ ተረት ማብራሪያ አያሻውም። ድልድይም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴው አጠገብ የ17ኛው መቶ ዘመን የድንጋይ ድልድይ አለን። በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ የሠራውም የቻይና ኩባንያ ነው።

ተረቱ ያምራል፤ ለእናት ግን ማስጠንቀቂያም አለበት። ስቡ ከላይ ስለሸፈነው መረቁ እንፋሎት አያወጣም፤ ለብ ያለ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ያቃጥላል። ሳህኑን ከሕፃን እጅ ያርቁ፤ «እንፋሎት የለውምና ቀዝቅዟል» ብለው ለልጅ አያጉርሱ። ስስ ሆኖ የተከተፈ ጥሬ ሥጋና ጥሬ እንቁላል ከጎን ከቀረበልዎ መረቁ እንደደረሰ በመጀመሪያ እነርሱን፣ ቀጥሎ አትክልቱን፣ በመጨረሻ ኑድልሱን ይክተቱ። መረቁ ከቀዘቀዘ በኋላ የገባ ሥጋ አይበስልም።

ወደ እናቴ ልመለስ። ከዚያ ቤት ወጥተን ስንሄድ የጠየቁኝ «ለመሆኑ ያ ነጩ ነገር ሩዝ ነው? የፎገራው ሩዝ?» ብለው ነበር። ኑድልሱ ደርቆ በከረጢት ከቻይና እንደሚመጣ አስተናጋጇ ነግራኝ ነበርና ይህንኑ ነገርኋቸው። «ሩዝ ከእኛ ሞልቶ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ ወረታ ላይ የሚያገኙት የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት ነው፤ ውኃ የማይወድ እህል ይበሰብስበታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በአምራቾች ማኅበራት ማሳ የተሞከረው ሩዝ ግን ውኃውን ወደደው። ገበሬው እስከ ዛሬ ኤክስ ጅግና የሚለው ዘር የቀረው ከዚያ ዘመን ነው። ዛሬ እዚያው የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ በየከተማችንም ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ያልተጋገረበት ቤት ጥቂት ነው። ወፍጮ ላይ የሚሰባበረው ሩዝ ከድፍኑ ይረክሳል። ለኑድልስ ግን መፈጨቱ አይቀርምና ስባሪው ምንም ጉድለት የለበትም። ወረታ ላይ አንድ የሴቶች ማኅበር ቢጀምረው ምን ነበረበት? ፓስታም እኮ ጣሊያን ያመጣው ነው፤ ዛሬ በስጎ ተሠርቶ በየጾሙ ገበታችን ላይ ሲቀርብ ማንም እንግዳ አይለውም።

እኔ ግን ማኅበር እስኪቋቋም አልጠበቅሁም። አንድ ኪሎ የፎገራ ስባሪ ሩዝ አስፈጨሁ። የመጀመሪያ ቀን ዱቄቱን በውኃ ብቻ አቡክቼ ብጨምቀው የፈላው ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ሙቅ ሆነ። በሁለተኛው ቀን ከዱቄቱ ሢሶውን እንደ ገንፎ አገንፍቼ፣ ትኩሱን ከቀረው ዱቄት ጋር ደኅና አድርጌ አሸሁት። የሥጋ መፍጫዬን አልነካሁም፤ «ድስቱ ያው ነው» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ አለ። አዲስ የብስኩት መጭመቂያና አዲስ ድስት ገዛሁ። በሚፈላ ውኃ ላይ ጨምቄ ሲንሳፈፍ በቀዝቃዛ ውኃ አወጣሁት። እንደ ቻይናዎቹ አልረዘመም፤ ጣት ጣት እያከለ ተቆራረጠ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በዘይት አቁላልቼ፣ ለውዝ ወቅጬ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ለየብቻ አቀረብሁ።

እናቴ ለቀጠሮ ባሕር ዳር የመጡት ዓርብ ቀን ነበር። ድስቱን አስቀድመው አዩት፤ አዲስ መሆኑን ሲያረጋግጡ አማትበው ጀመሩ። ሁለተኛ ሲጠይቁኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። በልተው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ያች ቻይናዊት» አሉኝ፤ «እሳት ዳር ቆማ ውላ፣ እንደገና ለእኔ ልትሠራ ነበር እኮ። ልጅ ይኖራት ይሆን?»